ግርጌው እንቢ አለኝ

ቅናት በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ቀንተው አያውቁም ማለት ነው። በሽታማ ያስተኛል፤ ቅናት መች ያስተኛል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅናት ሙያ ነው። እንደ ማንኛውም ሙያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያውም ጆሮ ነው። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ሙያተኛው ሥራ ይፈጥራል። ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ ከእኔ የባሰ ቀናተኛ አለ የሚል ካለ ስሙን ይንገረኝ፤ በእሱም ልቅናበት።

ስሜ ደሳለኝ ነው። ገበያው የሚያውቀኝ ግን ደሱ ነጃር እያለ ነው። ነጃር በዓረብኛ አናጺ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከአናጺም አልጋ ሠሪ ነኝ። ሱዳኖች አልጋን አንገረብ ይሉታል። እኛ ጎንደሬዎች አንገረብ የምንለው ወንዝ ነው። እንግዲህ ወንዙን አንገረብ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ተሻግሬ መጥቼ፣ ይኸው በአልጋው አንገረብ እንጀራ እየበላሁ አረጀሁ። አንዳንድ ሰው ዕድሉ በግንባሩ ይጻፋል ይላሉ፤ የእኔ ግን በስም ነው የመጣው።

አልጋ ለሚሠራ ሰው ራስጌ ራስጌ ነው፣ ግርጌም ግርጌ ነው። ራስጌ ትራስ የሚቀመጥበት ነው፤ ግርጌ እግር የሚዘረጋበት። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ራስጌው ይለቀቅለታል፣ ልጅ ግርጌ ይጣላል። እኔ ራሴ ጢሜ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ የአጎቴን ተረከዝ ታቅፌ ነው ያደግሁት። ከዚህ ሌላ ትርጉም አላቸው ብሎ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ይህችን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች።

ያን ጊዜ ሥራ ጠፍቶ ነበር። ከኻርቱም የሚመጣ የብረት አልጋ ገበያውን አጥለቅልቆት፣ በግሌ ለወራት የሠራሁት አንድ የሕፃን አልጋና ሁለት በርጩማ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ሐጂ አወል ወደ ራኩባዬ መጡ። ራኩባ ማለት በሣርና በእንጨት የተጣለ ዳስ ነው፤ ሱቄ እሱ ነው። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ከዑስማን ከሚባል ሱዳናዊ ሸሪካቸው ጋር ሆነው ሾዋክ ላይ፣ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ፣ አውቶቡስ ላመለጠው መንገደኛ ማደሪያ ሊከፍቱ ነው። አርባ አልጋ ይፈልጋሉ። አርባ! ሐጂ ለእኔ ቢያደሉም ዑስማን የብረቱን ነው የሚወደው። ስለዚህ አሉኝ፣ ዋጋህን የጻፍህበት ወግ ያለው ወረቀት አምጣ፤ ከላይ የሱቅህ ስም፣ ከታች አድራሻህ ያለበት፣ በአማርኛም በዓረብኛም። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ካላደረስህልኝ ወደ ሾዋክ እመለሳለሁ፣ ነገሩም ያበቃል አሉኝ።

እኔ ይህን ሥራ ካላገኘሁ መጋዜን ሰቅዬ ሰሊጥ አጨዳ መውረዴ ነበር። በዚህ ወገብ! ሰሊጥ አጨዳ ቀልድ የሚመስለው ካለ ጎንበስ ይበልና ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ይቆይ፤ ከዚያ እናወራለን።

ወረቀቱን ለሚስቴ ለትርንጎ ነገርኋት። ትርንጎ የእኛ ሰዎች ልጆች በሚማሩባት በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። «ተወው፣ እኔ በኮምፒውተር አሳምሬ እሠራልሃለሁ» አለችኝ። እኔም ወረቀት ወረቀት ነው፣ አንድ ሁለት መስመር ትጽፋለች ብዬ ረሳሁት። ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር የማውቀው በስሙና በአንድ ሰው ምክንያት በመጥላት ብቻ ነበር።

ሰውየው መምህር ዮናስ ይባላል፤ እዚያው ትርንጎ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምረው። ከጎንደር ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ቀጭን፣ ረጅም፣ በገዳሪፍ ሙቀት ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። እስቲ ፍረዱኝ፤ ግንቦት ላይ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ይታመናል? ለትርንጎ ኮምፒውተር የሚያስተምራት እሱ ነው። ምሳ ስንበላ መምህር ዮናስ እንዲህ አለ ነው፤ ውኃ ስንጠጣ መምህር ዮናስ ነው። የባዕድ ቃል አይወድም አሉ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ላለው ነገር ሁሉ አማርኛ አውጥቶለታል አሉ። ያውጣለት፣ እኔን ምን አገባኝ? እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ ስለ እሱ ስታወራ «እርሳቸው» ነበር የምትለው። ጾሙ ሲገባ «እሱ» ሆነ። ጾሙ ሲፈታ በስልክ «አንተ» ስትለው ሰማሁ። ከእርስዎ እስከ አንተ ድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቆጥሬ አውቃለሁ፤ እኔን ራሴን አንተ ለማለት የፈጀባት ከዚያ የበለጠ ነው!

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሱዳን ዓርብ በዓል ነው፣ ቤት ነበርን። ትርንጎ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ተቀምጣ ስልክ ትነጋገራለች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ። ሰው ያዳምጣል እንዳትሉኝ፤ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር። ጫማው እግሬ ላይ ቢሆንም።

«ራስጌውስ አምሮልኛል» አለች። «ግርጌው ነው እንቢ ያለኝ።»

ጆሮዬ ቆመ።

«ነካሁት እኮ! ፍዝዝ ብሎ ያየኛል እንጂ አይከፈትም።» አዳመጠችና ሳቀች። በዚያ ሳቅ እኔ ስቄ አላውቅም። ከዚያ የመጀመሪያው ከሌሎቹ የተለየ እንዲሆን እንደምትፈልግ ነገረችው። የመጀመሪያው ማን ነው? ሌሎቹስ እነማን ናቸው? ስንት ነን? ይህን ቆጥሬ ሳልጨርስ ትልቁ መጣ።

«እንዴ! ከቀዳሚው ጋር ያለውን ግንኙነት ላቋርጥ? ጨርሶ?» ደግሞ አዳመጠች። «እሱስ ልክ ነህ፤ ካላቋረጥሁት ያው የፊተኛው ነገር ነው የሚደጋገመው። እሺ፣ ነገ በጠዋት ታሳየኛለህ። ደሱማ እንዲህ ያለውን ምን ያውቃል ብለህ ነው!»

ወገኖቼ፣ ቀዳሚው ማን ነው? እኔ ነኛ! ያው የሚደጋገመው የፊተኛው ነገር ማን ነው? አሁንም እኔ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች፤ እውነታቸውን ነው። የእኔ ጆሮ በእኔ ላይ የሠራውን ጠላት አይሠራውም። ልቤ በእሳት ተጠበሰ። ቅናቱን ዝቅ አድርጌ ብናገር እዋሻለሁ፤ ያን ቅጽበት መምህር ዮናስ ከፊቴ ቢቆም እንደ ጣውላ እልገው ነበር።

ደግሞ የተቆጣሁት ባል ሆኜ ብቻ አይደለም። አስቡት፤ የአልጋ ሠሪ ሚስት የአልጋዋ ግርጌ አስቸግሯት ሌላ ወንድ ጠራች! ያውም ጠመኔ እንጂ መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ወንድ! ነገ ይህ ወሬ ገበያ ቢወጣ ማን ከእኔ አልጋ ይገዛል? ከሁለቱ የትኛው የበለጠ አመመህ ብትሉኝ፣ እግዜርን እፈራለሁና፣ የአናጺው ይመስለኛል።

ሄጄ የራሳችንን አልጋ ግርጌ ያዝ አድርጌ ነቀነቅሁት። ተነቃነቀ! ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የሰው አልጋ ሳጠብቅ የራሴን ረስቼዋለሁ። ማስረጃው በእጄ ገባ ማለት ነው። መሣሪያዬን አምጥቼ ግርጌውን ፈታሁት፣ ላግሁት፣ በሙጫ አጣበቅሁት፣ በላዩ ላይ ለሦስት አልጋ የሚበቃ ምስማር መታሁበት። እያንዳንዱን ምስማር ስመታ ስም እየጠራሁ ነበር፤ የማንን እንደሆነ አልነግራችሁም። ትርንጎ ድምፁን ሰምታ ገባችና በበዓል ቀን ምን ነካህ አለችኝ። ግርጌው እንቢ ብሏል ሲሉ ሰምቼ ነው አልኋት፣ ዓይኗን እያየሁ።

ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። «ከተነቃነቀ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው» አለች፤ «ዛሬ ነው የሰማኸው?» ብላኝ ወጣች።

ሁለት ዓመት! ዮናስ ከመጣ ዓመት አልሞላውም አላልሁም? ታዲያ ከእሱ በፊት ግርጌውን ማን ነበር የሚያስተካክለው? እንግዲህ ቅናት ሙያ ነው ያልኋችሁ ለዚህ ነው፤ ሥራ ሲጠፋ ሥራ ይፈጥራል።

ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴ ቶቧን ተጠቅልላ ወጣች። ቶብ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉት ልብስ ነው፤ አረንጓዴውን ደግሞ የገዛሁላት ለሠርግ ነው። ለወረቀት ቶብ ይለበሳል? ራኩባዬ ገብቼ አንድ የአልጋ እግር ልጠርብ ሞከርሁ፤ እግሩን ከጠረብሁበት ጊዜ ይልቅ ያፈጠጥሁበት ጊዜ በዛ። በመጨረሻ ተነሥቼ በረርሁ። ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ መዶሻው እጄ ላይ እንዳለ አየሁ። ምን ላድርግ፣ መንገድ ላይ አይጣል!

በሩ ላይ ዘበኛው ዓም ኢድሪስ አሉ፤ ዓም አጎት እንደ ማለት ነው። ሱዳን አገር ውስጥ ተቆጥቶ መግባት እንዴት ከባድ እንደሆነ እዚህ ያልኖረ አያውቅም። ሰላምታ አለ። ከይፈክ፣ ተማም? ጤናህስ? ቤትህስ? ልጆችህስ? ሥራህስ? ሙቀቱስ? ሁሉንም በየተራ አልሐምዱሊላህ ማለት አለብህ፤ ከዚያ ተራው የአንተ ነው፣ አንተም የእሳቸውን ፍየሎች ሳይቀር ትጠይቃለህ። ሰላምታውን አቋርጦ ያለፈ ሰው ከነፍሰ ገዳይ አይሻልም። ስንጨርስ ቁጣዬ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ግንቡን ተደግፌ «ከቀዳሚው ጋር ያለውን ግንኙነት ላቋርጥ?» ያለችውን ደጋግሜ በልቤ ብዬ እንደገና አሞቅሁት።

የጽሕፈት ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የዮናስ ድምፅ ተሰማኝ።

«ቀስ ብለሽ» ይላል፤ «ግርጌው ላይ ሁለቴ ነካ ነካ። አይዞሽ፣ አትፍሪ። ይኸው፣ ተከፈተ!»

በሩን በርግጄ ገባሁ። መዶሻዬን ከፍ አድርጌ፣ ጎረቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «የቤቴን ራስጌና ግርጌ የሚያስተካክለው ባለቤቱ ብቻ ነው!» አልሁ።

ውስጥ ያሉት ትርንጎና ዮናስ ብቻ አልነበሩም። ርዕሰ መምህርቷ እትዬ ዘውዴ አሉ። ደመወዝ ሊፈርሙ የመጡ ሦስት አስተማሪዎች አሉ። ዓም ኢድሪስም ከኋላዬ ደርሰው ነበር። ሁሉም ዞረው መዶሻዬን አዩ። ትርንጎ ወንበር ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፣ ዮናስ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል። መስኮት በመሰለው ነገር ላይ ነጭ ወረቀት ይታያል፤ በአናቱ ላይ በትልልቁ «ደሳለኝ የአልጋ ሥራ፣ ገዳሪፍ» ይላል። ስሜ እንዲህ አምሮ አይቼው አላውቅም። ከስሜ ጎን ደግሞ ትንሽ አልጋ ተስሎበታል። አልጋዋ ራስጌም ግርጌም አላት።

መሬት ተከፍታ አትውጥም እንጂ ብትውጥ ያን ቀን ነበር።

መምህር ዮናስ የተማረ ሰው ስለሆነ እንዳላፈርሁ አደረገኝ፤ ይህም ሌላ ስድብ ነው። «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ጋሼ! በአንዲት ቃል ሃያ ዓመት ጨመረልኝ። ከዚያ እንደ ተማሪ አስረዳኝ። ወረቀትም እንደ አልጋ ነው አለኝ፤ የገጹ አናት ራስጌ ይባላል፣ የገጹ እግር ግርጌ። ራስጌው ላይ ስም፣ ግርጌው ላይ አድራሻ ይጻፋል። ፍዝዝ ብሎ የሚታየው ሁለቴ እስኪነካ ድረስ ተዘግቶ ስለሚቆይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ከሌሎቹ እንዲለይ ማድረግ ይቻላል። አማርኛው አልቆ ዓረብኛው ሲጀምር ደግሞ ከቀዳሚው ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት መቋረጥ አለበት፤ ካልተቋረጠ የአማርኛው ግርጌ በዓረብኛው ገጽ ሥር ይደገማል። «አንዴ የጻፉት በገጹ ሁሉ ላይ ራሱ ይወጣል፣ ጋሼ» አለኝ።

እንዴት አልህ አልሁት። አንዴ ሠርተውት በሁሉም ላይ የሚወጣ ግርጌ? እኔ ለአርባ አልጋ አርባ ግርጌ በመጋዝ ስቆርጥ፣ ይህ ቆርቆሮ አንዱን ሠርቶ ለሁሉ ያድላል! ያን ጊዜ ቅናቴ ከሰውየው ላይ ተነሥቶ ማሽኑ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ቅናት እንደ ድመት ነው፣ ቤት ቢቀይር እንጂ አይጠፋም።

ትርንጎ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መልሳለች። ዮናስ እንዲገባኝ ብሎ፣ «ለምሳሌ ግርጌው ላይ አንድ ነገር እንጻፍና ይዩት» አላት። «ምን ልጻፍ? እሱ ራሱ ተናግሮ የለ?» አለችና ጣቶቿ ቁልፎቹን ማንጫጫት ጀመሩ። ግርጌው ላይ፣ ከአድራሻዬ ሥር፣ ተጻፈ፦ ራስጌና ግርጌ የሚያስተካክለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ወደ ሁለተኛው ገጽ ስታልፍ እዚያም አለ። አስተማሪዎቹ አፋቸውን በመዝገብ ሸፈኑ። እትዬ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው ያለ ምክንያት ጠረጉት።

ልለምናት አፌን ስከፍት የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ሐጂ አወል ናቸው፤ ሱቄ አጥተውኝ እዚህ እንዳለሁ ተነግሯቸው መጡ፣ ሊሄዱ ነው፣ ወረቀቱ የት አለ ይላሉ። ትርንጎ አሳተመችው። ወረቀቱ ከማተሚያው ትኩስ ትኩሱን ወጣ፣ ታጠፈ፣ በመኪናው መስኮት ገባ፣ አቧራ ብቻ ቀረ። ምሳሌዋን አጠፋሻት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ረሳሁት አለችኝ። እኔ ትርንጎ አንድ ነገር ስትረሳ አይቼ አላውቅም። የሠርጋችን ቀን ያጠፋሁትን እንኳ በቀን ስንት ጊዜ ታስታውሰኛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያን ቀን ሁለታችንም በአንድ ላይ ተገኘን።

ሦስት ቀን ጀርባዋን ሰጠችኝ። ግርጌው ግን አልተነቃነቀም፤ ይኸው ደግ ሠራሁ ብል ማን ይሰማኛል? በአራተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ግንኙነቱንስ አቋረጥሽው?» አልኋት፣ ስለ ወረቀቱ ለማለት። «ጊዜ መች ሰጠኸኝ? ሐጂ መጡብኝ፣ ሳላቋርጠው ታተመ» አለችኝ፤ ከንፈሯም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በትዳር ዘመኔ ከዚህ የጣፈጠ ነገር ተነግሮኝ አያውቅም። ከቀዳሚው ጋር ያለው ግንኙነት አልተቋረጠም!

በማግስቱ ሐጂ ደወሉ። ዓረብኛው ገጽ ሥር የተጻፈችውን አማርኛ ዑስማን አይቶ ምንድን ናት ብሎ ጠየቃቸው። ሐጂም ሰው ናቸው፤ ባለቤት ማለት ባል ነው ብለው ቢተረጉሙት ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። የሱቁ ጌታ ብለው ተረጎሙለት። አልጋው ቢላላ፣ ቢወላገድ፣ ራስጌውንም ግርጌውንም ጌታው ራሱ መጥቶ ያስተካክላል ማለት ነው አሉት። ዑስማን ከተቀመጠበት ተነሣ አሉ። ደማን! የብረት አልጋ ሻጮቹ አንዳቸውም እንዲህ ያለ ደማን፣ እንዲህ ያለ ዋስትና አልሰጡም አለ። አርባውም የአንተ ነው አሉኝ ሐጂ።

ስልኩን ዘግቼ ትርንጎን ብድግ አደረግኋት። በዚህ ወገብ!

ታዲያ ወገኛ ሰው ደስታውን ሳይጨርስ ነው ነገር የሚመጣበት። አልጋው ተሠርቶ ሲያልቅ ተፈታቶ በመኪና ሾዋክ ይሄዳል፤ እዚያ ይገጣጠማል። እኔ ሠራተኛዬን በርሄን ልልክ አስቤ ነበር፤ እሱ ጎበዝ ነው፣ ሚስትም የለውም። ዑስማን ግን ወረቀቱን አውጥቶ ያችን መስመር በጣቱ ያዘ። ባለቤቱ ብቻ ነው ይላል እኮ አለ። ኢንተ በስ፣ አንተ ብቻ! በአፌ የተናገርሁት ቢሆን እክድ ነበር፤ በየገጹ ሥር ታትሞ እንዴት ይካዳል?

ይኸው ሾዋክ ከመጣሁ አሥር ቀን ሆነኝ። አርባ ራስጌና አርባ ግርጌ በእነዚህ ሁለት እጆቼ እገጥማለሁ። ዑስማን በርጩማ አምጥቶ ሻዩን እየጠጣ ያየኛል፤ ብሎን ሳጠብቅ አብሮኝ የመጣው በርሄ ቢነካልኝ እንኳ ጣቱን ያወዛውዛል። ገዳሪፍ ደግሞ ትርንጎ አለች፣ ኮምፒውተሩ አለ፣ ሸሚዙ የማይጨማደደው ሰውም አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ትርንጎ ደወለች። ሰው ማለት ከስሕተቱ የሚማር ነውና ምንም አልጠረጠርሁም። ድምፄን አለስልሼ፣ እንደ ዘመናዊ ባል፣ ትምህርቱ እንዴት ነው አልኋት። እሷም ደስ ብሏት፣ «በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። «ራስጌና ግርጌ ጨርሰናል፤ ከዛሬ ጀምሮ መሃሉን ነው።»